ጳጉሜን በአልፕስ በሮች

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሬን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ለመሆኑ ቁርስ የምንበላው መቼ ነው?"

ዝርዝሩ የሦስት ወር ልፋቴ ነበር። ከሥራ መልስ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ያወጣሁት የአልፕስ ጉዞ ዕቅድ። አሥራ አንድ የተራራ በር፣ አራት አገር፣ አምስት ቀን። "በር" የምለው ፈረንጆቹ ፓስ የሚሉትን ነው፤ መንገዱ ከአንዱ ሸለቆ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን የተራራ ትከሻ። እኛ ጣርማበር ስንል ያደግን ሰዎች ነን። ሌላ ቃል መፈለግ አላስፈለገኝም።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። 71 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኤንትሬ ከነተሳቢው ሲነዱ ኖረዋል። ከአሰብ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አሰብ፣ በ1990 ዓ.ም. ድንበሩ እስኪዘጋ ድረስ። ከዚያ በኋላ ጅቡቲ። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ዘንድሮ እኔን ሊጠይቁ ፍራንክፈርት መጡ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በመስኮት የሚያልፈውን ትራም ሲቆጥሩ አሳዘኑኝ። መንገድ ላይ የኖረን ሰው መንገድ ላይ ማውጣት ነው እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል?

ዕቅዱን ግን አፈረሱት። "አዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው" አሉኝ። "ጭነህ በስንት ሰዓት ትገባለህ?"

"ስምንት ሰዓት?"

ሳቁብኝ። "ደብረ ሲና ታድራለህ። ቆሎህን በልተህ ትተኛለህ።"

እኔ ያሰላሁት በኪሎ ሜትር ነበር። አልፕስ ላይ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ቀኑን ሙሉ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ከአሥራ አንዱ ሦስቱን ሰረዝን። ስምንት ቀሩ። በኋላ እንዳየነው ስምንቱም የሚቀመሱ አልነበሩም።

ጊዜውን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ፤ በዚህ አልታማም። ከፍተኞቹ በሮች በበረዶ ምክንያት የዓመቱን ግማሽና ከዚያ በላይ ዝግ ናቸው። አብዛኞቹ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ ይከፈቱና በጥቅምት አጋማሽ ገደማ መዘጋት ይጀምራሉ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የእረፍት ወራት ስለሆኑ መንገዱ በሞተር ሳይክልና እንደ ቤት በሚታደርበት መኪና ይጥለቀለቃል። የፈረንጆቹ መስከረም መጀመሪያ ረገብ ይላል። ያ ማለት ጳጉሜን ነው። ጳጉሜን 1 ተነስተን፣ እንቁጣጣሽን ሙኒክ ያለችው እህቴ ቤት ልንውል ተስማማን።

ወረቀቱ ቀላል ነው። ጋሼ የሼንገን ቪዛ ስላላቸው ጀርመንን፣ ስዊዘርላንድን፣ ጣሊያንንና ኦስትሪያን በአንዱ ይዞራሉ። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሼንገን ውስጥ አለች። አውራ ጎዳናዋ ላይ ለመውጣት ቪኜት የሚሉትን የዓመት ክፍያ በኢንተርኔት ገዛሁ፣ 40 ፍራንክ። አንድ ቀን ተነዳ፣ ዓመት ሙሉ ተነዳ፣ ዋጋው ያው ነው። ኦስትሪያ የ10 ቀን ስላላት እሷን ያዝኩ። በመኪናው ውስጥ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ አንጸባራቂ ሰደርያና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን አለ። ጋሼ የጨመሩት ሁለት ነገር ነው፤ በሶ፣ እና ከመንገድ ዳር ያነሱት ድንጋይ።

"ድንጋዩ ለምንድን ነው?"

"ታኮ ነዋ።"

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1

ከፍራንክፈርት አንደርማት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ባዝል ድረስ የሚነገር ነገር የለም። አውራ ጎዳና ነው፤ ጋሼ ተኝተው አለፉት። ድንበሩ ላይ አንዱ ጠባቂ ምን እንደጫንን ጠየቀን። ስዊዘርላንድ በነፍስ ወከፍ ከአንድ ኪሎ በላይ ሥጋ ያለ ቀረጥ አታስገባም። እኛ የያዝነው ድፎ ዳቦና አንድ ሳህን ቋንጣ ፍርፍር ነበር። ሳህኑን ከፍቼ አሳየሁት። አሸተተና እለፉ አለን።

ሉትሰርንን አልፈን ተራሮቹ ግራና ቀኝ ሲቆሙ ጋሼ ነቁ። የጎትሃርድ የመኪና ዋሻ አፍ ላይ የቅዳሜው ሰልፍ ጀምሯል። ዋሻው 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ1980 የተከፈተ። በዕረፍት ወራት ቅዳሜና እሑድ ሰው አፉ ላይ ሰዓታት ይቆማል። እኛ ከአፉ በፊት ጎሸነን ላይ ወጥተን ወደ ላይ ታጠፍን።

እዚህ ገደል ውስጥ የሰይጣን ድልድይ የሚሉት አለ። ለጋሼ ታሪኩን ነገርኳቸው። የአገሩ ሰዎች በዚህ ገደል ላይ ድልድይ መሥራት አቃታቸው። ሰይጣን መጥቶ "እኔ እሠራላችኋለሁ፤ መጀመሪያ የሚሻገረው ነፍስ ግን የኔ ነው" አላቸው። ሠራ። ሰዎቹ ፍየል አሻገሩለት። ሰይጣን ተናዶ ድልድዩን ሊያፈርስበት ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ አንዲት አሮጊት አገኘችውና ድንጋዩ ላይ መስቀል ሣለችበት። ከዚያ ወዲያ ማንሳት አቃተው።

"ፍየሏ ምን በደለች?" አሉ ጋሼ። አሮጊቷን ግን ወደዷት።

ድንጋዩ ዛሬም ጎሸነን አጠገብ አለ። አውራ ጎዳናው ሲሠራ መንገዱ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ስለነበረ በ1977 ከቦታው 127 ሜትር አዛውረውታል። ሰይጣን ያቃተውን መንገድ ሥራ ቻለው ማለት ነው። ከገደሉ በላይ ዛሬ ሁለት ድልድይ ይታያል። አንዱ የ1830፣ ሌላው አሁን መኪና የሚያልፍበት የ1958። የጥንቱ በ1888 ወድቋል። ውኃው ሥር ሥሩን እየጮኸ ያልፋል። ጋሼ የግንቡን ጠርዝ በእጃቸው ዳበሱትና "ጥሩ ግንበኛ ነው" አሉ፤ ስለ የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

አደርን አንደርማት። እራት ስንበላ ሒሳቡን ሳይ ዝም አልኩ፤ ለጋሼ አልተረጎምኩላቸውም።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ዛሬ ፉርካ፣ ግሪምዘልና ዙስተን። ከአንደርማት ተነስቶ አንደርማት የሚመልስ ቀለበት ነው፣ 120 ኪሎ ሜትር ግድም። በመጀመሪያው ዕቅዴ ጎትሃርድንና ኑፈነንንም ጨምሬበት ነበር። እብደት ነው።

የበሩ ግርጌ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። በሩ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን ይናገራል። ክፍት ነው። ከሬያልፕ በኋላ መንገዱ ይጠብባል። ዳሩ ላይ ብረት መከለያ የለም፤ ራቅ ራቅ ብለው የቆሙ የድንጋይ ችካሎች ናቸው ያሉት። እኔ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ ይዣለሁ። ጋሼ መስኮት ከፍተው ቁልቁል ያያሉ።

ኩርባው ላይ ስንደርስ ከላይ ሦስት ድምፅ ያለው ጥሩምባ ጮኸ። ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ እነዚህ አውቶቡሶች የሚሄዱባቸው የተራራ መንገዶች በሰማያዊ ሰሌዳ ላይ በቢጫ የጥሩምባ ሥዕል ይታወቃሉ። እዚያ መንገድ ላይ የአውቶቡሱ ሹፌር አዛዥ ነው። ተመለስ ካለህ ትመለሳለህ። ሹፌሩ በእጁ ወደ ኋላ አመለከተኝ።

ወደ ኋላ፣ በኩርባ፣ በገደል ዳር። እጄ ላበው። ጋሼ ቀበቷቸውን ፈተው ወረዱ። ከመኪናው ኋላ ቆመው የኋላውን ክዳን በመዳፋቸው እየመቱ፣ "ና! ና! ና! ወደኔ ስበር! ያዝ... ና! በቃ!" የአርባ ዓመት ሹፌር ረዳት ሆነልኝ። አውቶቡሱ በአንድ ጋት ልዩነት አለፈ። ሹፌሩ ለኔ ሳይሆን ለጋሼ እጁን አነሳ። ጋሼም አነሱ። ቋንቋ አላስፈለጋቸውም።

ፉርካ 2,429 ሜትር ነው። ሰሌዳው ሥር ፈረንጆች ፎቶ ይነሳሉ። ጋሼ ቁጥሩን አነበቡና "አዲስ አበባ ስንት ነው?" አሉኝ። ስልኬ ላይ አየሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ደግሞ ይጨምራል።

"እና ፒያሳ ነን በለኛ።"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የጉዞው ቀልድ ይህ ሆነ። ልዩነቱን ላስረዳ ሞከርኩ። እዚህ ከ2,000 ሜትር ትንሽ አለፍ ሲል ዛፍ አይበቅልም፤ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በዚሁ ከፍታ ባሕር ዛፍና ገብስ አለ። ሰሙኝ። ግን ቀልዱን አልተዉትም።

ከበሩ ወዲያ ቁልቁል ትንሽ እንደወረዱ ቤልቬዴር የሚባል ታዋቂ ሆቴል ኩርባው ውስጥ ቆሟል። በ1882 የተሠራ ነው። በ2015 ተዘግቶ አሁን መስኮቱ ሁሉ ድርግም ያለ ነው። የተሠራው አጠገቡ ለነበረው የሮን የበረዶ ግግር ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግግሩ ታች ግሌች እስከምትባለው መንደር ይወርድ ነበር። ዛሬ ከሆቴሉ ርቆ ወደ ላይ ሸሽቷል፤ ሥሩ ግራጫ ሐይቅ ትቶ። ለጎብኚ ውስጡን ዋሻ ፈልፍለውለታል። ዋሻው በበጋ እንዳይቀልጥ ከላዩ ነጭ ጨርቅ ደርበውበታል፤ ጨርቁ ፀሐዩን ይመልሳል።

"ጋቢ አለበሱት" አሉ ጋሼ። አልሳቁም። ቆመው ብዙ አዩት። ጨርቁ እንደ አሮጌ ነጠላ ቆሽሿል፣ እዚህም እዚያም ተቀዷል። ከሥሩ ውኃ ይንጠባጠባል። ያ ውኃ የሮን ወንዝ ነው። ጄኔቭ ሐይቅ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ፈረንሳይን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይገባል። "ግሽ ዓባይ እንዲህ ያለ ውኃ ነው፣ እንዲህ ቀጭን" አሉኝ። "ግን ማንም ጨርቅ አላለበሰውም።"

ግሪምዘል 2,164 ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። ግድቦች፣ የኮረብታ ላይ ሐይቆች፣ ባዶ ግራናይት። ውበቱ ጨካኝ ነው። ዙስተንን ግን ወደድኩት። ከሦስቱ ለመንዳት በጣም ቀላሉ ነው፤ በስዊዘርላንድ ለመኪና ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው የተራራ በር መንገድ ነውና። በጦርነቱ ዘመን ተሠርቶ በ1946 ተከፈተ። ኩርባው ሰፊ ነው፣ እይታው ደግሞ ጉድ ነው።

አንደርማት የተመለስነው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ማለት ነው፣ ለ120 ኪሎ ሜትር። ጎትሃርድ ላይ ያለውን የድሮውን የትሬሞላ መንገድ፣ በግራናይት ንጣፍ የተነጠፈ 24 ኩርባ ያለውን፣ ሳናየው ቀረን። ይቆጨኛል። በቀለበቱ ፈንታ እሱን ብይዝ ይሻል ነበር እያልኩ እስካሁን አስባለሁ።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ረጅም ቀን። ኦበርአልፕ፣ ዩልየር፣ በርኒና፣ ከዚያ ጣሊያን።

ኦበርአልፕ በር ላይ፣ ከባሕር በስንት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ቀይ የመርከብ መብራት ማማ ቆሟል። እብድ ያቆመው ይመስላል። የራይን ወንዝ ምንጭ እዚሁ አጠገብ ስለሆነ፣ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ሆላንድ ላይ የነበረውን አምሳያ ነው ያቆሙት። ዩልየር ላይ ሮማውያን የተዉአቸው ሁለት የተሰበሩ ዓምዶች መንገዱ ግራና ቀኝ አሉ። ሰው ሁሉ ያልፋቸዋል። እኛም አለፍናቸው።

በርኒና 2,328 ሜትር ነው። ቀዩ ባቡር ከመንገዱ ጋር አብሮ ይወጣል። ይህ ሐዲድ በ2008 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሩ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ሐይቅ አለ። የአንዱ ውኃ ወደ ጥቁር ባሕር፣ የሌላው ወደ አድሪያቲክ ይወርዳል። በመሃላቸው ያለው መሬት በእግር የሚታለፍ ነው። ጋሼ ሁለቱንም ካዩ በኋላ "እንደ ወንድማማች ርስት ነው" አሉ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከበርኒና በር እስከ ቲራኖ ያለው ቁልቁለት አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል ይወርዳል፣ ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ። ቲራኖ 441 ሜትር ላይ ናት። መኪናዬ አውቶማቲክ ነው። ተውኩት፣ እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ እየተዝናናሁ ወረድኩ። ጋሼ ሁለት ጊዜ "ማርሽ የለውም እንዴ?" አሉኝ። "አውቶማቲክ ነው ጋሼ፣ ራሱ ያውቃል" አልኩ። ሦስተኛ አልጠየቁኝም። አፍንጫቸውን አሽተት አሽተት አደረጉ።

"የፍሬኑ ሸራ እየነደደ ነው። ዳር ያዝ።"

ቆምኩ። ከፊት ጎማ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሽታው የተቃጠለ ጸጉር የመሰለ። ጋሼ ወረዱ፣ ድንጋያቸውን ከኋላ አወጡ፣ ጎማው ሥር አስገቡ። ውኃ ልረጭበት ስል ጮኹብኝ፤ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያጣምመዋል። አርባ ደቂቃ መንገድ ዳር ተቀመጥን። በሶ በጠበጡልኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጣርማበርን በሁለተኛ ማርሽ በሞተር ይዘው ሲወርዱ፣ ፍሬን የነኩት ደብረ ሲና ለመቆም ብቻ እንደነበረ ነገሩኝ። ፍሬኑን አምኖ የወረደ ባልደረባቸው ደግሞ... እዚያ ላይ ዝም አሉ።

አውቶማቲክም ማርሽ አለው። ማንሻው ላይ "ኤም" የሚል ፊደል አለ። አራት ዓመት ስነዳት ነክቼው አላውቅም።

ቲራኖ እንደደረስን መጀመሪያ ያገኘነው ጋራዥ ገባን። የኔ ጣሊያንኛ "ቦንጆርኖ" ላይ ያበቃል። መካኒኩ ጀርመንኛ አይችልም። ጋሼ ወደፊት ወጡ። በጣታቸው እያመለከቱ፣ "ፍሬኖ። ጎማ። ካምቢዮ።" መካኒኩ ቀና አለ። "ፍሪሲዮን የለውም" ቀጠሉ ጋሼ። ሰውየው ሳቀ። ከዚያ ጨዋታው ጀመረ። ጋሼ መስታወቱን እየነኩ "ስፖኪዮ"፣ ሰውየው "ስፔኪዮ"። "ፍሬቻ"፣ "ፍሬቻ!" "ካንዴላ"፣ "ካንዴላ!" "ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ማርቴሎ።" መካኒኩ ከውስጥ ጓደኛውን ጠራ። ጋሼ ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር መሥራት አይችሉም። መኪና ከፍቶ ለመግጠም ግን የቀራቸው ቃል የለም።

ሸራው ላዩ ተለብልቧል እንጂ አልሞተም። አራግፎ፣ አሽቶ፣ የፍሬን ዘይቱን አይቶ አሰናበተን። ብዙም አላስከፈለንም። ከጎኑ ያለው ቡና ቤት ገብተን ጋሼ ኮራ ብለው "ማኪያቶ" አዘዙ። የመጣላቸው በአውራ ጣት የምትሞላ ስኒ ውስጥ አንዲት ጠብታ ወተት ያለባት ጥቁር ቡና ናት። ስኒዋን አይተው አስተናጋጁን አዩት። "ቀሪውስ?"

ቦርሚዮ የገባነው በዝናብ ነው። ሻንጣ ሳወርድ ጋሼን አጣኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከሆቴሉ ፊት ለፊት ዝናቡ ውስጥ ቆመዋል። ረስቼዋለሁ፤ ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ነው። ልጅ ሆነን በዚህ ቀን ዝናብ ራቁታችንን ግቢ ውስጥ ስንሮጥ ትዝ አለኝ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። የሆቴሉ ሠራተኛ ጃንጥላ ይዛ እየሮጠች መጣች። እንዴት ብዬ ላስረዳት?

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

የሩፋኤል ጠበል ላይ ስቴልቪዮ በረዶ ሆኖ አደረ።

ጧት ከመስኮት ስናይ የተራራው አናት ነጭ ነው። ሆቴሉ በሩ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት እንዳትሞክሩ አለን። የኔ ጎማ የበጋ ነው። በዕቅዴ ውስጥ ትርፍ ሰዓት የምትባል ነገር የለችም። እዚያ ተቀምጬ ሰዓቴን እያየሁ ተቁነጠነጥኩ፤ ጋሼ ሁለተኛ ቁርስ አዘዙ።

አምስት ተኩል ላይ ወጣን። ፀሐዩ አስፋልቱን አድርቆታል፤ ዳር ዳሩ ላይ ብቻ በረዶ አለ። ማክሰኞ ስለሆነ ሞተር ሳይክሉ ጥቂት ነው። እኔ ቅዳሜና እሑድን የሸሸሁት ለዚህ ነበር፤ በዕቅዴ ውስጥ ሳይፈርስ የቀረው አንዱ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ስቴልቪዮ 2,757 ሜትር ነው፤ ከምሥራቅ አልፕስ የአስፋልት በሮች ሁሉ ከፍተኛው። ሎምባርዲያ የምትባለው የሰሜን ጣሊያን ክፍል በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት እጅ በነበረች ጊዜ ከ1820 እስከ 1825 ካርሎ ዶኔጋኒ የሚባል መሐንዲስ ሠራው። በአምስት ዓመት፣ በአካፋና በባሩድ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያንና ኦስትሪያ በዚሁ በረዶ ላይ ተዋግተዋል፤ በሩ ድንበር ነበር። ዛሬ ሁለቱም ወገን ጣሊያን ነው። በ1953 የጣሊያን የብስክሌት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ሲወጣ ፋውስቶ ኮፒ ተፎካካሪዎቹን ጥሎ ሄደ። ዛሬም በዚህ ብርድ ብስክሌተኞች ይወጣሉ፤ አፋቸው እንደ ማሰሮ ይጨሳል። ጋሼ መስኮት ከፍተው "አይዞህ! በርታ!" ይሏቸዋል።

አናቱ ላይ ቋሊማ በዳቦ የሚሸጡ አሉ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ደረቷን ይዛ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ከፍታው ከብዷት ነው። ጋሼ ቋሊማቸውን እየበሉ ሰሌዳውን አነበቡ።

"ደብረ ብርሃን ስንት ነው?"

አየሁላቸው። 2,840።

ሰሌዳውን እንደገና አነበቡት። ከዚያ ዞረው የበረዶውን ተራራ አዩት፤ ኦርትለርን፣ 3,905 ሜትሩን። "እሱ ተራራ ነው" አሉ። በሩን ግን ምንም አላሉትም።

በፕራቶ በኩል ያለው ቁልቁለት 48 ኩርባ አለው። እያንዳንዱ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ከላይ አንድ ብሎ ይጀምርና ታች ወርዶ 48 ይደርሳል። ማንሻውን "ኤም" ላይ አደረግኩ፣ ሁለተኛ ማርሽ። ሞተሩ እያጓራ ያዘን። ጋሼ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። አሥር፣ አሥራ አንድ። ከኩርባው በታች ያለው የድንጋይ ግንብ እንደ ደረጃ ተደራርቦ ይታያል። "ይቺን እጅ አውቃታለሁ" አሉ። የሊማሊሞን፣ የጣርማበርን ግንብ ማለታቸው ነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን። "መንገዱ ጥሩ ነበር። የመጡበት ጉዳይ ነው የከፋው።" ከዚያ ቁጥሩ ጠፋባቸው። ሃያ ሦስት ወይስ ሃያ አራት? ሰሌዳው አለ ጋሼ፣ ስላቸው፣ "ሰሌዳ አላምንም" አሉኝ።

ትራፎይ ላይ ቆመን ጎማውን ዳሰሱት። ቀዝቃዛ ነው። ምንም አላሉኝም። ትከሻዬን መታ አደረጉ።

ሜራኖ ስንገባ መሽቷል። የፖም እርሻ መሃል፣ ሞቃት አየር። ጧት በረዶ፣ ማታ ወይን።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ዛሬ ዕቅዱ ግሮስግሎክነር ነበር። ከሁሉ በላይ የጓጓሁለት እሱ ነው። የኦስትሪያ የኩራት መንገድ፤ በ1935 የተከፈተ፣ 48 ኪሎ ሜትር፣ 36 ኩርባ፣ የመግቢያ ክፍያው ከ40 ዩሮ የሚበልጥ። ከሜራኖ ግን ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ እሱን ወጥቶ ወርዶ ሙኒክ ለመግባት ሙሉ ቀንና ግማሽ ሌሊት ይፈልጋል። እህቴ ደግሞ ከዋዜማው ጀምራ ዶሮ እየሠራች ነው።

ካርታውን ለጋሼ ዘረጋሁ። በጣታቸው ከሜራኖ ቀጥታ ወደ ሰሜን አሰመሩ። "ይሄስ?"

ቲመልስዮክ። 2,474 ሜትር፣ ከጣሊያን ወደ ኦስትሪያው ኦትስታል ሸለቆ የሚያሻግር በር። ክፍያ አለው፣ ማታ ይዘጋል። በቁጥር ስላነሰብኝ ነበር በሁለተኛ ደረጃ ያስቀመጥኩት። ስሕተት ነው። በጣሊያን በኩል መንገዱ ጠባብ፣ ያልተስተካከለ፣ አናቱ ላይ መብራት በሌለው ዋሻ የሚያልፍ ነው። መኪና ብዙ የለም። ላሞች አስፋልቱ ላይ ይተኛሉ። ደወላቸው ከሩቅ ይሰማል። ክላክስ ላደርግ ስል ጋሼ እጄን ያዙ። "ቤታቸው ነው" አሉኝ። ጠበቅናቸው።

በኦስትሪያ በኩል መንገዱ ሰፊ ነው። የክፍያው ጣቢያ ጋ የሞተር ሳይክል ሙዚየም አለ። በ2021 መጀመሪያ ተቃጥሎ በዚያው ዓመት መልሰው ሠርተውታል። ጋሼ አንድ ሰዓት ሙሉ ውስጥ ቆዩ። የጥንቱን ሞተር እያዩ "ይቺን ፖስታ ቤት ነበራት፣ ይቺን የክቡር ዘበኛ" ይላሉ። ልክ ይሁኑ አይሁኑ ማን ይፈትናቸዋል። በጣም የተደሰቱት እዚህ ነው። ዝርዝሬ ላይ ሙዚየሙ አልነበረም።

ከዚያ ቁልቁለት፣ አውራ ጎዳና፣ ሙኒክ። ደረጃው ላይ የበርበሬው ሽታ ተቀበለን።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

እህቴ ቄጤማ አጥታ ከፓርክ ሣር አጭዳ ጎዝጉዛለች። ልጆቿ አበባ ሥለው ለጋሼ ሰጧቸው፣ ጋሼ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ፍራንክ ሰጡ። ዩሮ አይደለም ብላ እህቴ ሳቀች። ከስዊዘርላንድ የተረፈችው ናት።

ቡና ሲፈላ ጋሼ ስልክ ደወሉ። ኮምቦልቻ ለሚኖሩት የጥንት ረዳታቸው። ሁለቱም ጆሯቸው ስለከበደ ቤቱ በሙሉ ይሰማል።

"እንኳን አደረሰህ! ... አዎ፣ አልፕስ! ... ኧረ ምን ከፍታ አለው፣ የመጨረሻ ትልቁን ወጣን፣ ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ተመለስን!"

ከዚያ ወዲያ ማዶ የሆነ ነገር ተጠየቁ። ጋሼ ወደኔ አየት አደረጉ።

"ደህና ነው የሚነዳው። በማርሽ ነው የሚወርድ።"